ለኖታ መታመን እስከ የት ድረስ ነው?

ሙዚቃ በሚወዱ የግቢያችን ተማሪዎች መካከል ሰሞኑን አንድ ክርክር ተነሥቷል። ክርክሩ ከካፌ ወደ መኝታ ክፍል፣ ከመኝታ ክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ እየተዘዋወረ ስለ ከረመ፣ በሹክሹክታ ከሚያልቅ በዚህ ገጽ ላይ ቢወጣ ይሻላል ብለን ብዕር አንሥተናል። ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፤ ጥቂት ሰዎች አንድ የተጻፈ ሙዚቃ ይዘው ሲጫወቱ ወይም ሲዘምሩ፣ በወረቀቱ ላይ ለታተመው ኖታ ምን ያህል መታመን አለባቸው?

አንደኛው ወገን «ኖታ ሕግ ነው፤ የተጻፈውን ተጫወት፣ ያልተጻፈውን ተው» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ኖታ የፈረንጅ ሥርዓት ነው፤ የእኛ ዜማ በልብ የሚያዝ ስለ ሆነ በወረቀት አንታሰርም» ይላል። ሁለቱም ጮክ ብለው ይናገራሉ። እኛ ግን ሁለቱም ወገኖች አፍ ከመክፈታቸው በፊት መጠየቅ የነበረባቸውን ዘለውታል እንላለን፤ ይኸውም «ይህ ወረቀት ምን ዓይነት ወረቀት ነው? የተጻፈው ከዜማው በፊት ነው ወይስ ከዜማው በኋላ?» የሚለው ነው።

ፈረንጆች ቻምበር ሙዚቃ የሚሉትን በእኛ ቋንቋ የእልፍኝ ሙዚቃ ብንለው የሚያስኬድ ይመስለናል። ከሁለት እስከ ዘጠኝ የሚሆኑ ሰዎች፣ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ብቻውን ይዞ፣ ብዙውን ጊዜ ያለ መሪ የሚጫወቱት ነው። በትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ አሥራ ሁለት ቫዮሊኖች አንድ ድምፅ ይዘው ሲጫወቱ አንዱ ቢያጠፋ ሌሎቹ ይሸፍኑለታል። በእልፍኝ ሙዚቃ ግን መሸፈኛ የለም፤ በትር ይዞ ፊት የሚቆም አዛዥም የለም። አራቱ ሰዎች «እዚህ ላይ እንዘግይ» «የለም፣ አንዘግይ» ብለው ቢጣሉ የሚያስታርቃቸው አምስተኛ ሰው አይገኝም፤ ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። የታማኝነት ጥያቄ ከሌላው ሙዚቃ ሁሉ ይልቅ በእልፍኝ ሙዚቃ ላይ የሚከርረው ስለዚህ ነው።

ወረቀቱ ከዜማው በፊት የተጻፈ ሲሆን፣ ማለት ደራሲው ራሱ ገና ያልተሰማውን ነገር አስቦ የጻፈው ሲሆን፣ እኛ ከአንደኛው ወገን ጋር ነን፤ ያለ ማመንታትም ነን። ምክንያቱን ከሃይድን ደብዳቤ ማየት ይቻላል። በ1768 (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ዓመታትን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ዮሴፍ ሃይድን በኦስትሪያ ለሚገኝ አንድ ገዳም ካንታታ ደረሰ። ቦታው ድረስ ሄዶ ማስጠናት ስላልቻለ ለሚጫወቱት ሰዎች ረጅም ደብዳቤ ላከ። በደብዳቤውም ፍጥነቱ እንዲጠበቅ፣ በለሆሳስና እጅግ በለሆሳስ በተባሉት መካከል፣ በኃይልና እጅግ በኃይል በተባሉት መካከል ትልቅ ልዩነት እንዳለ እንዲታወቅ፣ ሥራው በሙሉ ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ጊዜ እንዲለማመዱት ለመነ። እኛን የነካን የልመናው ምክንያት ነው፤ ሰዎቹንም ቦታውንም እንደማያውቅ፣ ይህም ሥራውን እንዳከበደበት ገልጿል። እንግዲህ ኖታ ማለት ይህ ነው፤ በቦታው ሊገኝ የማይችል ሰው ለማያውቃቸው ሰዎች የሚልከው መልእክት ነው። መልእክተኛ የተላከበትን ቃል ለውጦ ቢያደርስ «ነፃነቱን ተጠቀመ» አይባልም።

ቤትሆቨንም በ1825 የኢ-ሚኖር ወይም የሌላ ሳይሆን የኤ-ሚኖር ኳርቴቱ በሚገለበጥበት ጊዜ ለካርል ሆልትስ በጻፈው ደብዳቤ፣ በኖታው ላይ ያለው ነጥብ በጭረት እንዳይተካ፣ ማያያዣ ቀስቶቹም ልክ በተጻፉበት ቦታ እንዲቀመጡ አጥብቆ አሳስቧል። ነጥብና ጭረት ለእርሱ አንድ አልነበሩም። ታዲያ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ «እኔ እንዲህ ይሰማኛል» ብሎ ነጥቡን ሁሉ በቀስት ቢያያይዘው፣ ስሜቱን እናከብርለታለን፤ ሥራው ግን የቤትሆቨን መሆኑ ይቀራል።

ዳሩ ግን የኖታ ወዳጆች ሁሉ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የታተመ ሁሉ የደራሲው አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመትና በ20ኛው መጀመሪያ የወጡ ብዙ እትሞች በአዘጋጆቻቸው ብዕር የተሞሉ ናቸው፤ አዘጋጁ ቀስት ይጨምራል፣ «በኃይል» የሚል ምልክት ያስገባል፣ የጣት ቁጥር ይጽፋል፣ የእርሱ የትኛው፣ የደራሲው የትኛው እንደ ሆነ ግን ሁልጊዜ አይለይም። ይህ ስላስቸገረ ነው በ1948 የተቋቋመው የጀርመኑ ሄንሌ ማተሚያ ቤት የመሰሉት የደራሲውን እጅ ጽሑፍና የመጀመሪያዎቹን እትሞች አመሳክረው ማተም ዋና ሥራቸው ያደረጉት። እኛ ከኢንተርኔት በነፃ አውርደን የምናባዛቸው ኖታዎች ደግሞ አብዛኞቹ የባለቤትነት መብታቸው ያለፈ የቆዩ እትሞች ናቸው። እንግዲህ «ለኖታው ታማኝ ነኝ» የሚለው ጓደኛችን የሚታመነው ለሃይድን ሳይሆን፣ ሃይድን ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ ለተነሣ አንድ የቫዮሊን አስተማሪ ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱ ጎዶሎ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በ1784 ሞዛርት ሬጂና ስትሪናሳኪ ከተባለች ቫዮሊን ተጫዋች ጋር በቪየና አዲስ ሶናታ ሲያቀርብ የፒያኖውን ድርሻ በቅጡ ለመጻፍ ጊዜ ስላጣ፣ አብዛኛው ባዶ የሆነ ወረቀት ፊቱ ዘርግቶ ከራሱ አውጥቶ ተጫወተ ይባላል። ሞዛርት ይህን ማድረግ ይችላል፤ ዜማው የእርሱ ነውና። ይህን ታሪክ እየጠቀሱ ከኖታ ለመውጣት ፈቃድ የሚጠይቁ ሁሉ መጀመሪያ ሞዛርት ሆነው ይምጡ።

እስካሁን የተናገርነው ከዜማው በፊት ስለ ተጻፈ ወረቀት ነው። ከዜማው በኋላ የሚጻፈው ግን ሌላ ነው። ልዩነቱን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረ ነውና፣ በመካከላችን ፕላን ማንበብ የማይችል ተማሪ ጥቂት ነው። አንድ መሐንዲስ ገና ላልተሠራ ቦይ ፕላን ያወጣል። ቦዩ ከፕላኑ ቢጣመም የሚወቀሰው ቆፋሪው ነው፤ እንደ ገና ይቆፈራል። ሌላው መሐንዲስ ደግሞ በዓይኑ ያየውን ወንዝ ለክቶ ካርታ ያነሣል። ካርታውና ወንዙ ካልተስማሙ የሚወቀሰው ማን ነው? ወንዙ ነውን? ማንም ጤነኛ ሰው ኩልፎን «ከካርታው ወጣህ» አይለውም። ሁለቱም ወረቀቶች በአንድ ዓይነት መስመርና ቁጥር የተሠሩ ናቸው፤ በአንዱ ግን ወረቀቱ ምድሩን ያዝዛል፣ በሌላው ምድሩ ወረቀቱን ያርማል።

አሁን ወደ ክርክሩ ሥር እንግባ። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚያወጣውን መንገድ ይዞ ሽቅብ የወጣ ሰው፣ ዓባያና ጫሞን ከበስተኋላው ትቶ ደጋውን ሲይዝ ዶርዜ ይደርሳል። አዲስ አበባ ዶርዜን የሚያውቀው በሸማው ነው፤ ከሽሮ ሜዳ የነጠላ ገበያ ባሻገር ስሙን የሚያነሣው ጥቂት ነው። በሙዚቃ አዋቂዎች ዘንድ ግን ዶርዜ የታወቀው በሌላ ነገር ነው፤ በባለ ብዙ ድምፅ ዘፈኑ። ፈረንሳዊው ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ ቀድቶ የወሰደው ይህ ዘፈን በ1977 በፈረንሳይ አገር በሸክላ ታትሞ ወጥቷል። እኛ ከደጁ ተቀምጠን የማንሰማውን ዘፈን ፓሪስ ውስጥ ሸክላ ገዝቶ የሚሰማ ሰው ነበረ ማለት ነው።

ዘፈኑን ላልሰማ አንባቢ በቃል ማስረዳት አስቸጋሪ ነው፤ ቢሆንም እንሞክር። አንዱ ያነሣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ተቀባዮቹ ግን ሁሉም አንድ ነገር አይሉም። አንዱ ከታች ይይዛል፤ አንዱ ከላይ ቀጭን ድምፅ ያወጣል፤ ሌላው ክፍተት እየፈለገ አጭር ድምፅ ጣል ያደርጋል። የአንዱ ትንፋሽ ሳያልቅ የሌላው ስለሚገባ ዘፈኑ መጋጠሚያው የት እንደ ሆነ አይታወቅም። አንድን ዜማ ሁሉም በኅብረት ሲያዜሙት መስማት የለመደ የሰሜን ሰው ጆሮ መጀመሪያ ግራ ይጋባል፣ ቀጥሎ ይደነቃል። በትር የያዘ መሪ የለም፤ እያንዳንዱ የሌላውን እየሰማ የራሱን ቦታ ይጠብቃል። ይህ የእልፍኝ ሙዚቃ ካልሆነ የእልፍኝ ሙዚቃ ምን እንደ ሆነ ይነገረን። እልፍኙ ሜዳ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። (ጎረቤታችን ደራሼ ደግሞ ይህንኑ በቀርከሃ ያደርገዋል፤ በፊላ ጨዋታ እያንዳንዱ ሰው የሚነፋው ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው፣ ዜማው የሚገኘው በመካከላቸው ነው። ስለ ፊላ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚያቀርብልን የደራሼ ተማሪ ቢገኝ ደስ ይለናል።)

ይህን የመሰለውን ዘፈን አንድ ኖታ የሚያውቅ ሰው ቀድቶ በአምስቱ መስመር ላይ ይጽፈዋል እንበል። በመጻፉ ደግ ሥራ ሠርቷል። ነገር ግን ሲጽፍ ስንት ጊዜ እንደ ዳኛ መፍረድ ነበረበት! ዘፈኑ አምስት ጊዜ ሲመላለስ አምስቱም አንድ አልነበሩም፤ እርሱ አንዱን መረጠ። ድምፁ በፒያኖው ሁለት ነጭ ቁልፎች መካከል ወድቆ ነበር፤ እርሱ ወደ አንዱ አስጠጋው። ዘፋኞቹ ምት የሚቆጥሩት በሌላ መንገድ ነበር፤ እርሱ መስመር አስምሮ በአራት በአራት ከፈለው። ሰባት ሰዎች ሰባት ነገር ሲሉ እርሱ አራቱን ብቻ ለይቶ ሰማ፤ ስለዚህ ባለ አራት ድምፅ ሆነ። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ወረቀቱ ተባዝቶ ለልምምድ ይታደላል። ከዚያም እዚያው ዶርዜ ተወልዶ ያደገ ተማሪ ከአባቱ የሰማውን አምስተኛ ድምፅ ሲያስገባ «ከኖታው ወጣህ» ተብሎ እንዲያርም ይታዘዛል። ይህን የምንለው ከአየር አንሥተን አይደለም፤ ከእኛው መካከል የደረሰበት አለ። ካርታው ወንዙን ገሠጸው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚያስፈራን የአንድ ልምምድ ቅሬታ አይደለም። መድረክ አሥር ደቂቃ ብቻ ይሰጣል፤ ዘፈኑ ለአሥር ደቂቃ ይቆረጣል። መድረክ ንጹሕ ነገር ይወዳል፤ ዘፈኑ ይላጫል። ቀጥሎም ቪዲዮ ይነሣና በየስልኩ ይሰራጫል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው የተላጨው ዘፈን ተመልሶ ወደ ጨንቻ ይወጣና፣ ልጁ ሽማግሌውን «አባባ፣ እንዲህ አይደለም የሚባለው» ይላል። ያን ጊዜ ሽማግሌው ምን ማስረጃ ያቀርባል? ልጁ ወረቀት አለው፤ እርሱ ጉሮሮ ብቻ ነው ያለው።

የሁለቱን ዓይነት ወረቀት ልዩነት በአንድ ሰው ሕይወት ማየት የሚፈልግ የሃንጋሪውን ቤላ ባርቶክን ይመልከት። ባርቶክ ከ1906 ጀምሮ ከጓደኛው ከዞልታን ኮዳይ ጋር በየገጠሩ እየዞረ የገበሬ ዘፈን በፎኖግራፍ ይቀዳ ነበር። ራሱ በሚደርሰው ሙዚቃ ላይ እጅግ ጥብቅ ሰው ነው፤ በ1934 በጻፈው አምስተኛ ኳርቴቱ ላይ እያንዳንዱ ክፍል ስንት ደቂቃና ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ ሳይቀር አስፍሯል። ይኸው ጥብቅ ሰው የገበሬውን ዘፈን ሲጽፍ ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ አንድ ጊዜ የጻፈውን ከዓመታት በኋላ መልሶ እየሰማ ያርማል፣ ትንንሾቹን ድምፆች ይጨምራል፣ በመጨረሻም እውነተኛው ኖታ በሸክላው ላይ ያለው ድምፅ ራሱ ነው እስከ ማለት ደርሷል። በራሱ ወረቀት ላይ ጌታ ነበረ፤ በገበሬው ወረቀት ላይ ግን ጸሐፊ ብቻ እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። (በነገራችን ላይ የራሱን ሥራዎች በፒያኖ ተጫውቶ ባስቀረጻቸው ሸክላዎች ላይ ከራሱ ምልክት የራቀባቸው ቦታዎች አሉ። የኖታ ወዳጆች ይህን ሲሰሙ ያዝናሉ፤ እኛ ግን ደስ ይለናል።)

ሁለተኛውን ወገን ደግሞ ዝም ብለን ልናልፈው አንችልም። «ኖታ የፈረንጅ ነው፣ የእኛ የልብ ነው» የሚለው አባባል ለጆሮ ይጥማል፤ ታሪክ ግን አይደግፈውም። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ዜማው ከስድስተኛው ምዕተ ዓመት ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው፤ በ16ኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቱን ሠርተው በድጓው ላይ ጻፉ። ከቃሉ በላይ በትንንሽ ፊደል የሚጻፈው ምልክት ቀድሞ ከተጠና ሌላ ቃል የተወሰደ ነው፤ «ይህን እንደዚያ በል» ማለት ነው። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉትም ምልክቶች ከዚያው ጋር ይነበባሉ። እንግዲህ ይህ ወረቀት ምን ያስተምረናል? ምልክቱን ብቻውን ይዞ ከመርጌታ ያልተማረ ሰው አንድ መስመር እንኳ ሊያዜም አይችልም፤ ከመርጌታ የተማረውም ቢሆን እንደ ወደደው አያዜምም፤ አንዲት ርክርክ ብትጎድል መርጌታው ያስቆመዋል። ወረቀትና መምህር ጎን ለጎን ይቆማሉ። በልብ የሚያዝ ዜማ ሥርዓት የለውም ያለ ማነው? በዶርዜም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ያልተጻፈ ማለት ያልተወሰነ ማለት አይደለም። አምስተኛውን ድምፅ የሚያስገባው ሰው የት መግባት እንዳለበትና የት ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል፤ ከውጭ የመጣ ሰው «ነፃነት ነው» ብሎ በመሰለው ቦታ ቢጮህ ወዲያው ይታወቅበታል። ስለዚህ በኖታ አንታሰርም የሚሉት ጓደኞቻችን ከኖታው ይልቅ የሚያስርና ለመማር ረጅም ዓመታት የሚጠይቅ ሕግ እንዳለ ይወቁ።

በሁለቱ መካከል የቆመ ወረቀትም አለ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (1923–2023) በካይሮ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ የፈረንጁን ሙዚቃ ተምረው፣ ኋላም የምንኩስናን ሕይወት መርጠው፣ የፒያኖ ድርሰቶቻቸውን በ1967 በጀርመን አገር በሸክላ አስቀርጸዋል። በ2013 ደግሞ በኢየሩሳሌም በእጃቸው ከነበሩት ጽሑፎች ተለቅመው ድርሰቶቻቸው በኖታ ታትመዋል። ወረቀቱ የደራሲዋ ስለ ሆነ ማዘዝ ይችላል። ነገር ግን ወረቀቱን ብቻ ይዞ፣ ምቱን እንደ ሰዓት እየቆጠረ የሚጫወት ሰው የእርሳቸውን ጨዋታ አያገኘውም፤ በሸክላው ላይ የምንሰማው እጅ ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ እንደ ዜመኛ ትንፋሽ ይወስዳል። እኛ እንደምናየው እንዲህ ዓይነቱን ሥራ የሚጫወት ተማሪ ድምፁን ከወረቀቱ፣ አካሄዱን ከሸክላው፣ ቅኝቱን ደግሞ ክራር ከሚያውቅ ሰው ቢወስድ ለደራሲዋ ታምኗል።

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስና ለተማሪዎች ኅብረትና ለክቡራን መምህራን የምናቀርበውን እንናገር። የሃይድንን ወይም የሌላውን ደራሲ ሥራ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን ከመለማመዳቸው በፊት እትማቸውን ይመርምሩ፤ የአዘጋጁ ስም ከፊት ገጽ ላይ አለና ይነበብ። ከዚያ በኋላ የተጻፈውን ይጫወቱ፤ ሃይድን የለመነውን ሦስትና አራት ልምምድም አይንፈጉት። የጋሞን ዘፈን በኖታ የሚጽፉ ጓደኞቻችን ደግሞ መጻፋቸውን አይተዉ፤ እንዲያውም ይብዙ። ነገር ግን የሚባዛው ወረቀት ሁሉ በራሱ ላይ ማን እንደ ዘፈነው (ዘፋኞቹ ስማቸው እንዲጻፍ ከፈቀዱ)፣ በየትኛው ቀበሌና በምን ጊዜ፣ ለመስቀል ነው ወይስ ለሰርግ ወይስ ለልቅሶ፣ ስንት ሰዎች ሆነው እንደ ዘፈኑት፣ ጸሐፊውም ምን እንደ ቆረጠና ምን መለየት እንዳቃተው ይናገር። የተቀዳውም ድምፅ ከወረቀቱ ጋር በቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጥ፤ ወረቀቱና ድምፁ ሲጣሉ ድምፁ ይርታ።

ለልምምድም ቢሆን ዘፈኑን የሚያውቁ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ከደጋው ይጋበዙ። የሚጋበዙትም ለጌጥ በመድረክ ላይ ቆመው እንዲጨበጨብላቸው ሳይሆን፣ ተቀምጠው እንዲያርሙን ነው። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ለሚመጣ እንግዳ መምህር አበልና የመጓጓዣ ወጪ እንደሚከፈል የታወቀ ነው፤ ለእነርሱም በዚያው ልክ ይከፈል። ከመስቀል በፊት ባሉት ሳምንታት ሰው ሁሉ ለበዓሉ ስለሚዘጋጅ ጥሪው ከዚያ ቀደም ብሎ ቢደርሳቸው ይሻላል። የማባዣው ክፍል ኃላፊዎች ደግሞ ከአሁን በኋላ በሚያወጡት የኖታ ወረቀት ላይ ከርዕሱ በታች የአራት መስመር ባዶ ቦታ ይተዉልን፤ ከላይ የዘረዘርነውን ለመጻፍ ከዚያ ያነሰ አይበቃም።